ውሾቹ ሁሉ ቢከተቡ ቀይ ቀበሮ ይተርፋል?

ጥያቄ፦ «ከጎባ ወደ ደሎ መና ስንጓዝ በባሌ ተራሮች ሳነቴ የተባለው ሜዳ ላይ ቀይ ቀበሮ አየን። ከእሱ ብዙም ሳይርቅ የእረኞች ውሾች ይሯሯጡ ነበር። አብሮን የነበረው አስጎብኚ ቀበሮዎቹን የሚጨርሳቸው ከውሻ የሚተላለፍ በሽታ ነው አለን። ቦታው ፓርክ ነው፣ አደን የለም፣ ጠላቱም ታውቋል። ታዲያ ውሾቹን ሁሉ ማስከተብ ወይም ከተራራው ማስወጣት፣ ያም ካልሆነ ጥቂት ቀበሮዎችን ይዞ በአጥር ውስጥ ማርባት ለምን አልተቻለም?»

መልስ፦ አስጎብኚዎ የነገረዎት እውነት ነው፤ ግን ታሪኩን ከመካከሉ ጀመረልዎት። ውሾችን ማስከተብ የግድ ነው፤ ብቻውን ግን ቀይ ቀበሮን አያድንም። ውሾቹን ማስወጣትም ባለቤቶቻቸውን ሳያስወጡ የሚሆን አይደለም። በአጥር ውስጥ ስለማርባት በኋላ እመለስበታለሁ፤ ለጊዜው በዓለም ላይ በአጥር ውስጥ የሚኖር አንድም ቀይ ቀበሮ እንደሌለ ብቻ ይያዙልኝ። የእንስሳት ሐኪም ነኝና ከእኔ የሚጠበቀው ስለ መርፌና ስለ ክትባት ማውራት ይሆናል። ሆኖም በሽታውን በቅርብ ባየሁ ቁጥር ዓይኔ የሚሄደው ወደ መሬቱ ነው። ለምን እንደሆነ ለማስረዳት ከእንስሳው ኑሮ መነሣት አለብኝ። የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ዓመተ ምሕረት ካላልኩ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስሙ ራሱ ያሳስታል። ቀበሮ እንለዋለን እንጂ በዘር ሐረጉ ለተኩላ የቀረበ ነው። ጀርመናዊው ተመራማሪ ኤድዋርድ ሩፔል ለሳይንስ ሲያስተዋውቀው ናሙናው ከሰሜን ተራሮች የመጣ ስለነበር በሳይንሳዊ መጠሪያው ውስጥ የሰሜን ስም ተቀርጾ ቀርቷል። የባሌ ኦሮሞዎች «ጄደላ ፈርዳ» ይሉታል፤ የፈረስ ቀበሮ እንደ ማለት ነው። መውለጃዋ የደረሰ ባዝራ ወይም ላም ተከትሎ እየሄደ የእንግዴ ልጁን ስለሚበላ ነው እንዲህ መባሉ። ይህን ስም እወደዋለሁ፤ ቀበሮው ከከብትና ከእረኛ ጋር ከጥንት ጀምሮ ጎን ለጎን እንደኖረ ይመሰክራልና። ጎን ለጎን መኖሩ በራሱ የጥፋቱ ምክንያት ቢሆን ኖሮ ለእኛ ዘመን ባልደረሰ ነበር።

ትልቅ እንስሳ አይደለም። ወንዱ ከ14 እስከ 19 ኪሎ ግራም፣ ሴቷ ከ11 እስከ 14 ኪሎ ግራም ትመዝናለች። ይህን የሚያክል አውሬ በግ እያሳደደ ይኖራል ብለው የሚገምቱ ብዙዎች ናቸው። በባሌ ዓይነ ምድሩ ሲመረመር ግን ከተገኙት የምግብ ቅሪቶች ከመቶ ዘጠና ስድስት ያህሉ የአይጥ ወገኖች ነበሩ። ዋናው ምግቡ በባሌ ተራሮች ብቻ የሚገኘው ግዙፉ ፍልፈል ነው። ትልቁ ወደ አንድ ኪሎ ግራም ይጠጋል፤ ዓይኖቹ ጭንቅላቱ አናት ላይ የተቀመጡ በመሆናቸው ከጉድጓዱ ሳይወጣ ዙሪያውን ይቃኛል። ሣር ሊያጭድ ብቅ ሲል ቀበሮው ሆዱን መሬት አስነክቶ፣ አንድ እግሩን አንሥቶ፣ እንደ ድንጋይ ደርቆ ይጠብቀዋል። ፍልፈሉ ጭንቅላቱን ሲመልስ ሁለት እርምጃ ይጠጋል። አንዳንድ ጊዜ ግማሽ ሰዓት እንዲህ ይቆይና በመጨረሻ ፍልፈሉ ጉድጓዱን በአፈር ደፍኖ ይሰወርበታል። ሳነቴ ላይ ብርድ እያንቀጠቀጠኝ በመነጽር ስከታተል ከቀበሮው ይልቅ እኔ ተስፋ የምቆርጥበት ጊዜ ይበዛል።

ይህ የአይጥ ሀብት የሚገኘው አፈሩ ጥልቅ፣ ሣሩ አጭር፣ ሌሊቱ ውርጭ በሆነበት ከ3,000 ሜትር ከፍታ በላይ ባለው ውርጭማ ሜዳ ነው። ከዚያ በታች ቀበሮው አይኖርም፤ ሊኖርም አይችልም። ጅብ ቆላም ደጋም ይኖራል፣ ነብር ገደልም ጫካም ይበቃዋል። ቀይ ቀበሮ ግን አንድ ዓይነት ምግብ ለመያዝ የተሠራ ነው፤ ቀጭን ረጅም አፍንጫው፣ የተራራቁ ትንንሽ ጥርሶቹ፣ ቀን የማደን ልማዱ ሁሉ ለዚያ ነው። የአይጦቹ ሜዳ ሲቀንስ እሱም በዚያው ልክ ይቀንሳል።

አሁን ወደ በሽታው ልምጣ፤ በሽታው የሚሄድበትን መንገድ ለመረዳት ግን አንድ እንግዳ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። ቀይ ቀበሮ ለብቻው እያደነ በመንጋ የሚኖር እንስሳ ነው። ተኩላም ሆነ የአፍሪካ የዱር ውሻ በመንጋ የሚኖረው ትልቅ አውሬ በጋራ ለመጣል ነው። ፍልፈል ለመያዝ ግን ረዳት አያስፈልግም። ታዲያ ስድስት፣ አንዳንዴም አሥርና ከዚያ በላይ ሆነው አብረው የሚያድሩት ለምንድን ነው? መሬት ለመጠበቅ ነው። አይጥ በሞላበት የባሌ ሜዳ አንድ መንጋ በአማካይ ስድስት ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ይዞታ አለው፤ ማለዳና አመሻሽ ላይ ሁሉም ተሰብስበው ድንበራቸውን በሽንት እያስታወቁ ይዞራሉ። ከጎረቤት መንጋ ጋር ሲገናኙ ጩኸትና ማባረር ይሆናል፤ አብዛኛውን ጊዜ ብዙ አባላት ያሉት ያሸንፋል።

ነገሩ የርስት ጉዳይ ነው ቢባል አይጋነንም። ወንዶቹ ከተወለዱበት ይዞታ አይወጡም፤ ወጥተው የሚያገኙት ባዶ መሬት የለምና። ሴቶቹ ሁለት ዓመት ገደማ ሲሆናቸው ይወጣሉ፤ ግን የሌላ መንጋ እመቤት እስክትሞት በየድንበሩ እየተንከራተቱ የሚጠብቁት ይበዛሉ። በአንድ መንጋ ውስጥ የምትወልደው አንዲት ሴት ብቻ ናት፤ ከሁለት እስከ ስድስት ግልገል ትወልዳለች፣ የቀሩት ምግብ በሆዳቸው ተሸክመው መጥተው እያወጡ ያጎርሳሉ። እሷም ወንድሞቿና አጎቶቿ ከበዙበት ቤት ይልቅ የጎረቤት ወንድ ትመርጣለች፤ በባሌ ከታዩት ግንኙነቶች ከመቶ ሰባ ያህሉ ከሌላ መንጋ ወንዶች ጋር የተደረጉ ነበሩ። ይህ ልማድ የዘመዳሞችን መዋለድ ይከላከላል፤ ጥበብ ነው።

የእብድ ውሻ በሽታ የሚጓዘውም በዚሁ ጥበብ ላይ ተሳፍሮ ነው። በሽታው በምራቅ ይተላለፋል። እነዚህ እንስሳት ደግሞ ጠዋት ሲነሡ አፍ ለአፍ ይሳሳማሉ፣ ግልገሎቻቸውን ከአፋቸው ይመግባሉ፣ ከጎረቤት ጋር ይናከሳሉ፣ ከጎረቤት ጋር ይጋባሉ። አንድ ያበደ ውሻ አንድ ቀበሮ ቢነክስ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ መንጋው ያልቃል፤ መንጋው ከማለቁ በፊት ደግሞ ድንበርተኞቹ ተነክሰዋል። በ1991 እና 1992 የባሌ ቀበሮዎች ሁለት ሦስተኛ ያህሉን በዚህ አጣን። በ2003 በወይብ ሸለቆ በተነሣው ወረርሽኝ በቦታው ከነበሩት ከአራቱ ሦስቱ ሞቱ። በ2008 እንደገና መጣ፤ በ2014 እንደገና። በመሐል ደግሞ ሌላ በሽታ ይገባል፤ ዲስቴምፐር ይባላል፣ የኩፍኝና ከብት ይፈጅ የነበረው የደስታ በሽታ ዘመድ ነው። በ2010 እና በ2015 ባሌን የመታው እሱ ነው።

የዓለም ቀይ ቀበሮ ቁጥር በሙሉ 500 አካባቢ መሆኑን፣ ከዚህም ከግማሽ በላይ የሚኖረው በባሌ ተራሮች መሆኑን ሲያስቡት እነዚህ ዓመታት ምን ማለት እንደሆኑ ይገባዎታል።

«እንግዲያው ውሾቹን አስከትቡ» ይላሉ፤ ልክ ነዎት፣ እየተከተቡም ነው። የኢትዮጵያ ቀይ ቀበሮ ጥበቃ ፕሮግራም ከተመሠረተበት ከ1995 ጀምሮ የባለሙያ ቡድኖች በየመንደሩ እየዞሩ በየዓመቱ ብዙ ሺህ ውሾች ይከትባሉ። ችግሩ ሒሳቡ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ በውሾች መካከል እንዳይዛመት ከመቶ ሰባ ያህሉ የተከተቡ መሆን አለባቸው። የገጠር ውሻ ዕድሜው አጭር ነው፤ የዛሬ ዓመት ከከተቧቸው ብዙዎቹ ሞተዋል፣ በቦታቸው ያልተከተቡ ቡችሎች አድገዋል። ስለዚህ በዚህ ዓመት ሰባ ያደረሱት ቁጥር በሚቀጥለው ዓመት ምንም ሳያጠፉ ወርዶ ያገኙታል። ክትባት ጎርፍ እንደማገድ ያለ ሥራ ነው፤ ግድቡ በየዓመቱ ካልተጠገነ አምና የተሠራው አይቆጠርም።

ደግሞ ውሻው ይያዝ ሲባል የሚያዝ አይደለም። ባለቤቱ ራሱ አንገቱን ነክቶት አያውቅም። ውሻው ሌት ጅብ ሲመጣ እንዲጮህ እንጂ እንዲታቀፍ አልመጣም። በክትባት ቀን ሰው ውሻውን በጆንያ ከትቶ ወይም በልጓም ጎትቶ ሲመጣ፣ መንገድ ላይ ያመለጠው ደግሞ ባዶ ገመድ ይዞ ይቅርታ ሲጠይቅ ያያሉ። ከዚያ ላይ በባሌ «ጎዳንቱ» የሚባል የቆየ ሥርዓት አለ፤ ከብቱ እንደ ወቅቱ ከቆላ ወደ ደጋ ይወጣል፣ ይወርዳል። ውሻውም አብሮ ይወጣል። ደጋ ያሉትን በሙሉ ቢከትቡ እንኳ ከቆላ የሚመጣው እንግዳ አለ። በዲስቴምፐር ደግሞ ነገሩ ይብሳል። የእብድ ውሻ በሽታ ሰውም ከብትም ስለሚገድል ገበሬው ክትባቱን ይፈልገዋል፤ ዲስቴምፐርን ግን ማንም አይፈራውም፣ ቡችላው ሲሞት «ሞተ» ተብሎ ያልፋል።

ውሾቹን ስለማስወጣት ወይም ስለመግደል የሚነሣውን ሐሳብ በትዕግሥት ልመልሰው እሞክራለሁ፤ በየስብሰባው የሚነሣ ስለሆነ ትዕግሥቴ አልቋል። ውሻ የጅብ ማስጠንቀቂያ ነው። ጅብ ባለበት ተራራ በግ ለሚጠብቅ ሰው ውሻህን ጣል ማለት በጎችህን ጣል እንደ ማለት ነው። ቢገደሉም በቦታቸው ወዲያው ሌላ ይመጣል፤ የሚመጣው ደግሞ ቡችላና ያልተከተበ ነው። የተከተበውን ገድለው ያልተከተበውን ጋበዙ ማለት ነው። ባለቤቱም በሚቀጥለው ዓመት የክትባት ቡድን ሲመጣ ውሻውን ይደብቃል።

ይልቅ ውጤት ያመጣው ሌላ ነገር ነው፤ ቀበሮዎቹን ራሳቸውን መከተብ። ለረጅም ጊዜ አከራካሪ ነበር፤ እንዲህ ያለ ብርቅ እንስሳ ላይ ማደንዘዣና መርፌ መሞከር ብዙዎችን ያስፈራ ነበር። የ2003ቱ ወረርሽኝ ግን ክርክሩን ፈታው። የባሌ ቀበሮዎች ሁሉም በአንድ ሜዳ አይኖሩም፤ ሳነቴ፣ የወይብ ሸለቆና ሞራባዋ በጠባብ መተላለፊያዎች የተያያዙ ናቸው። ቡድኑ ሁሉንም ለመከተብ አልሞከረም፤ በመተላለፊያዎቹ ላይ ያሉትን መንጋዎች እየያዘ ከተበ፣ ወደ 80 የሚጠጉ ቀበሮዎች። እሳት እንዳይሻገር መሐሉን እንደ ማጨድ ማለት ነው። በሽታው በሙሉ ተራራው ላይ ሳይዛመት ቆመ። ከዚያ የተደረጉ ስሌቶችም ከግማሽ በታች የሆነ ድርሻ እንኳ ቢከተብ ትልቁን እልቂት ማስቀረት እንደሚቻል አሳይተዋል።

ከ2018 ወዲህ ደግሞ መርፌው በምግብ እየተተካ ነው። ክትባቱ በፍየል ሥጋ ውስጥ ተደብቆ፣ ሌሊት፣ መንጋው በሚያድርበት አቅራቢያ ይጣላል። ቀበሮው ሲያኝከው ፈሳሹ አፉ ውስጥ ይፈስሳል። ወጥመድ የለም፣ ማደንዘዣ የለም። በውርጭ ሌሊት በ4,000 ሜትር ላይ በፈረስ እየዞሩ ይህን የሚያድሉት የአካባቢው ተወላጆች ናቸው፤ ስማቸው የትም አይጻፍም።

እስከዚህ ድረስ ካነበቡ «ታዲያ በሽታውን የሚያሸንፍ መላ ተገኝቷል ማለት ነው» ሊሉ ይችላሉ። እኔም እንዲያ አስብ ነበር። ሐሳቤን ያስቀየረኝ የሌሎቹ ተራሮች ታሪክ ነው።

ባሌ በ1992 ሁለት ሦስተኛውን ካጣ በኋላ ምን ሆነ? ጥቂት ዓመት ዘገየ እንጂ አገገመ። ከ2003 በኋላም አገገመ። የተረፉት ተሰባሰቡ፣ ባዶ የቀረው ይዞታ ለተንከራታቾቹ ሴቶች ዕድል ሆነ፣ አይጡ እንዳለ አለ፣ ግልገል ተወለደ። በሽታ ብቻውን ሲሆን እንዲህ ነው፤ ይገድላል፣ ያልፋል፣ የተረፈው ይተካል። አሁን ወደ ጎጃም እንሂድ፤ ጮቄ ላይ ቀይ ቀበሮ ነበር፣ ዛሬ የለም። ጉና ላይ ነበር፣ የለም። ሰሜን ሸዋ ጎሽ ሜዳ ላይ ነበር፣ የለም። እነዚህ ተራሮች የጠፋባቸው ጠላት ስለበዛባቸው አይደለም፤ የቀራቸው ሜዳ ትንሽ ስለነበረ ነው።

በቁጥር እንየው። አንድ ተራራ ላይ ሃያ ቀበሮ አለ እንበል። ሃያ ሲባል ብዙ ይመስላል፤ ግን ሦስት ወይም አራት መንጋ ነው። በየመንጋው የምትወልደው አንዲት ናት፤ ስለዚህ ያሉት እናቶች ሦስት ወይም አራት ናቸው። የእብድ ውሻ በሽታ ገብቶ ከአራቱ ሦስቱን ቢወስድ አምስት ይቀራሉ። አምስቱ ወንድማማቾች ሊሆኑ ይችላሉ። አምስቱ በሁለት ይዞታ ላይ ተበትነው ሊሆን ይችላል፤ ሁለት ሆኖ የቀረ መንጋ ደግሞ ይዞታም አይጠብቅ፣ ግልገልም አያሳድግ። በባሌ ያለችው ተንከራታች ሴት ከጎረቤት ትመጣለች። በትንሹ ተራራ ላይ ጎረቤት የለም፤ ዙሪያው ሁሉ እርሻ ነው፣ ከእርሻው ማዶ ያለው ተራራም ባዶ ነው። በዚህ ቀን ክትባት ይዤ ብደርስ የምከትበው ማንን ነው?

ስለዚህ ትክክለኛው ጥያቄ ሜዳው ለምን ጠበበ የሚለው ነው። በኢትዮጵያ ከ3,200 ሜትር በላይ ካለው መሬት ከመቶ ስድሳ ያህሉ ታርሷል። ገብስ ብርድ ይችላል፤ በሰሜኑ ደጋ እስከ 3,500፣ አልፎ አልፎም እስከ 3,800 ሜትር ድረስ ይዘራል። ማሳው በየዓመቱ አንድ ጥማድ፣ ግማሽ ጥማድ እያለ ይወጣል። ፍልፈል በታረሰ መሬት አይኖርም፤ ያልታረሰውም ቢሆን ከብት ሲበዛበት አፈሩ ይጠቀጠቃል፣ ሣሩ ያልቃል፣ አይጡ ይመናመናል። አየሩ ሲሞቅ ደግሞ ውርጩ ገብሱን የሚመልስበት መስመር ወደ ላይ ይሸሻል፤ ማሳው ይከተለዋል፤ ቀበሮው ከማሳው ፊት ፊት ይሄዳል። የባሌ ከፍተኛው ጫፍ ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ነው። ከዚያ በላይ ሰማይ ነው።

ገበሬውን ለመውቀስ አይደለም ይህን የምለው። ከ3,500 ሜትር በላይ የሚያርስ ሰው ከታች መሬት ቢኖረው አያርስም ነበር፤ ከድንጋዩና ከውርጩ ጋር የሚታገለው ስለጠበበው ነው። ቀበሮውና ገበሬው አንድ መከራ ነው ወደ ላይ የሚገፋቸው።

ውሻውም የሚመጣው በዚሁ መንገድ ነው። ማሳው ሲወጣ ቤቱ ይወጣል፣ ቤቱ ሲወጣ ውሻው ይወጣል። ሜዳው ሰፊ በነበረበት ዘመን ውሻና ቀበሮ ሳይገናኙ ዓመታት ያልፉ ነበር፤ ዛሬ የብዙ መንጋ ይዞታ ጫፉ ከመንደር ጋር ይነካካል። በወይብ ሸለቆ ሴት ቀበሮ ከወንድ ውሻ ጋር ተጋብታ አፍንጫው ያጠረ፣ ሰውነቱ የደነደነ፣ ቀለሙ የተለየ ድቅል እስከ መወለድ ተደርሷል። ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ ግን ባል የሚሆን ቀበሮ ያጣች ሴት ምን እንደምታደርግ ያሳያል።

ታዲያ መሬት ይጠበቃል ወይ? ይጠበቃል፤ ማስረጃው መንዝ ነው። የጓሳ ሜዳ መቶ ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ቤት የሚከደንበት፣ ገመድ የሚገመድበት የጓሳ ሣር ስለሚበቅልበት ነው ስሙ። የአካባቢው ሰው እንደሚተርከው አስቦና ጌራ የተባሉ ሁለት አባቶች ቦታውን ለዘሮቻቸው ካወረሱ ጀምሮ ወደ 400 ዓመት ገደማ «ቄሮ» በሚባል ሥርዓት ሲጠበቅ ኖሯል። ሜዳው ለሦስት፣ ለአራት፣ አንዳንዴም ለአምስት ዓመት ይዘጋል፤ ሣር የሚያጭድም ከብት የሚያሰማራም አይገባም። ሣሩ ሲደርስ በተባለው ቀን ይከፈታል፣ ሁሉም በልኩ ያጭዳል፣ እንደገና ይዘጋል። የ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሥርዓቱን አፈረሰው፤ ሜዳው ተጎዳ። በኋላ ሕዝቡ መተዳደሪያ ደንብ አውጥቶ የማኅበረሰብ ጥበቃ ቦታ አድርጎ መለሰው።

ይህን ሁሉ ያደረጉት ለቀበሮ ብለው አይደለም፤ ለጣሪያቸው ሣር ብለው ነው። ቀበሮው በሣሩ ጥላ ተረፈ። ለፓርክ ጥበቃ ብዙ ሰነድ የምንጽፍ ሰዎች ከዚህ የምንማረው ያለ ይመስለኛል፤ ሰው ከሜዳው አንድ ነገር የሚያገኝ ከሆነ ሜዳውን ራሱ ይጠብቀዋል፤ ሜዳው ካለ የቀረውን ተፈጥሮ ይሠራዋል። ጓሳ ላይ ቀበሮው በጭላዳ መንጋ መካከል እየገባ ያድናል። ጭላዳዎቹ ሣር ሲነጩ አይጡ ይረበሻል መሰለኝ፤ ብቻ ተመራማሪዎች ሲቆጥሩ በጭላዳ መካከል ከሞከረው አደን ከመቶ 67 ጊዜ ሲሳካለት ለብቻው ሲሆን 25 ጊዜ ብቻ ነው የተሳካለት። የጭላዳ ግልገል እያየ ሳይነካ ነው የሚያልፈው። እንዲህ ያለ ውል የሚፈረመው ሁለቱም በየቦታቸው ሲኖሩ ብቻ ነው፤ በአጥር ውስጥ አይፈረምም።

አጥር ካነሣሁ ቃሌን ልጠብቅ። በአጥር ውስጥ ማርባት ለአንዳንድ እንስሳት ባለውለታ ነው፤ ለቀይ ቀበሮ ግን ሁለት ነገር ያስቸግራል። አንደኛ፣ ማን ከማን እንደሚጋባና ማን እንደሚወልድ የሚወሰነው በይዞታና በጎረቤት ነው፤ ያን በሽቦ ውስጥ መፍጠር ቀላል አይደለም። ሁለተኛውና ዋናው፣ ያረቡትን የት ይለቁታል? መሬቱ ካለ ቀበሮው ራሱ ይራባል፤ መሬቱ ከሌለ ያረቡት የትም አይሄድም። ይልቅ የተመናመነ ተራራ ላይ ከሌላ ተራራ ጥቂት አምጥቶ መጨመር የተሻለ ይመስለኛል፤ ባለሙያዎችም ሲመክሩበት ቆይተዋል።

ቀበሮ ተይዞ ተመልሶ መኖር አይችልም ብዬ ግን አልልም። በ2020 በሰሜን ተራሮች እግሩ በጥይት የተሰበረ ወንድ ቀበሮ ተገኘ። ሐኪሞችና የፓርኩ ጠባቂዎች እዚያው ተራራው ላይ መጠለያ ሠርተው ወደ ሃምሳ ቀን አስታመሙት፤ ተረፈ ብለው ስም አወጡለት፤ ድኖ ወደ ዱሩ ተመለሰ። እንዲህ ያለ ሙከራ ሲደረግ የመጀመሪያው ነው። ታሪኩ ደስ ያሰኛል፤ «አደን የለም» ያሉትን ግን እዚህ ላይ ያርሙልኝ። ለቆዳው የሚያድነው የለም፤ በግ በላብኝ ብሎ የሚተኩስ ግን አለ። በሰሜኑ ተራሮች የበግ ግልገል የሚወስድበት ጊዜ አለ፤ በደሃ ቤት አንድ ግልገል ትንሽ ነገር አይደለም።

ባሌ ተራሮች በ2023 በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል፤ ደስ ብሎኛል። መዝገብ ግን ማሳ አያቆምም። እኔ ክትባቱን እቀጥላለሁ፤ ጊዜ ይገዛልናልና። የተገዛው ጊዜ የሚውለው በግጦሽ ስምምነት፣ በጎዳንቱ ጊዜ ስንት ከብት የት ድረስ ይውጣ በሚለው፣ ከታች ያለው መሬት ተሻሽሎ ገበሬው ወደ ላይ የማይሮጥበትን መላ በመፈለግ ካልሆነ በየአምስት ዓመቱ ሬሳ መቁጠሬን አላቆምም።

እርስዎ በዚያ መንገድ እንደገና የሚያልፉ ከሆነ ሾፌርዎ ሳነቴ ላይ ቀስ እንዲል ይንገሩት፤ መንገዱ የመንጋዎችን ይዞታ መሐል ለመሐል ይቆርጣል፣ በመኪና የተገጨ ቀበሮም አይተናል። በመስኮት ዳቦ አይጣሉ፤ ምግብ ከመኪና የለመደ ቀበሮ ከመኪና አይሸሽም። የሚንገዳገድ፣ ለሀጭ የሚያዝረከርክ፣ ሰው ሲቀርበው የማይሸሽ ቀበሮ ወይም ውሻ ካዩ አይጠጉት፤ ቦታውንና ሰዓቱን ጽፈው ዲንሾ ላለው ጽሕፈት ቤት ወይም መጀመሪያ ላገኙት የፓርክ ጠባቂ ያስታውቁ። በአካባቢው ስንት ውሾች እንደነበሩ፣ ከየት አቅጣጫ እንደመጡም ቢጨምሩበት ቡድኑ ጠዋት ወዴት እንደሚሄድ ያውቃል።